«ኮምፒውተር ተምሮ ምን ሊሆን ነው?»

 

የዛሬው ዝግጅታችን ሸጎሌና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይም 11ኛና 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ላላችሁ ወላጆች ነው። ልጁ «ኮምፒውተር ልማር» ሲል ብዙ አባቶች ዓይን ላይ የሚመጣው ጽሑፍ የሚተየብበትና ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት ሱቅ ነው። «ሐኪም ሁን!» ይባልና ወሬው ይዘጋል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩትስ?

ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አንድ ሥራ አይደለም። ያገኘውን ሬዲዮ ፈታትቶ የሚገጥም ልጅ ለጥገናና ለኔትወርክ ዝርጋታ ይሆናል። ሥዕል የሚወድ ዌብሳይትና ግራፊክስ ይሞክር። መዝገብ አያያዝ የሚሆንለት ዳታቤዝ፣ ሒሳብ ሲከብደው እልህ የሚይዘው ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ። ለሁሉም ዲግሪ ግድ አይደለም፤ በቴክኒክና ሙያ በደረጃ ተምሮ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ የምንለውን) ማለፍም መንገድ ነው። ከሸጎሌ ብዙም የማይርቀው ጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ጎራ ብሎ የተከፈቱትን ዘርፎች መጠየቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«ተምሮ ባንክ ቢቀጠርስ? ከሪባ ጋር ሊነካካ ነው» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ስጋቱ የዲን ስጋት ነውና አናቃልለውም፤ የአንድን ሥራ ብይን ዑለሞችን መጠየቅ ነው። ሆኖም በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎት ብቻ ይዞ ተከፍቷል፣ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። ሙራባሓን እንውሰድ። ባንኩ መጀመሪያ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ ያደርጋል፤ ከዚያ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው ይሸጣል። በኮምፒውተሩ ላይ እነዚህ ሁለት ሽያጮች በየተራቸው ተለይተው መመዝገብ አለባቸው። ደንበኛው ክፍያ ሲያዘገይም ዕዳው በራሱ እየጨመረ እንዳይሄድ ሆኖ መሠራት ይኖርበታል። ፊቅህ ያልቀመሰ ባለሙያ ይህን በቀላሉ ይስተዋል። መድረሳ የዋለ ልጅ እዚህ ላይ ቂርኣቱ ይጠቅመዋል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዛሬ «አልጎሪዝም» የሚባለው ቃል የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከነበረው ሙስሊም ሊቅ ከአል ኸዋሪዝሚ ስም ነው። የአልጀብራ መጽሐፉም ሰፊ ክፍል የኑዛዜና የውርስ ክፍፍል ስሌት ነው።

ከመወሰን በፊት ማስሞከር ይሻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስንና አንድሮይድን በኢንተርኔት በነጻ ለማስተማር የወጣ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ያስቸግራል፤ ሁለት ሦስት ልጆች አንድ ላይ ቢይዙት ይቀላል። ሴት ልጆቻችንንም አትርሱ፤ አንዳንዱ ሥራ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ነው። ልጁ ምስክር ወረቀት ይዞ ሲመጣ ደግሞ «እስቲ የሠራኸውን ክፈትና አሳየኝ» በሉት።