ስለ ባዶ እግር ሥራና ስለ ዝሆኔ በሽታ

በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ሲነገር ለብዙ ሰው የሚታየው ጣቱን መኪና የቈረጠው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ ግን አብዛኛው ሠራተኛ ገበሬ ስለ ሆነ የሥራው ስፍራ ማሳው ነው። ከማሳም የሚመጣ ሕመም አለ፤ ይኸውም እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ ነው። እርግማን ነው እያለ ከበሽተኛው ቤተሰብ ጋራ መጋባትን የሚሸሽ አለ፤ ይተላለፋል ብሎ አብሮ መብላትን የሚፈራም አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በቆላ አገር ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚገባ ትል ነው። የደጋው ዝሆኔ ግን ከትል የመጣ አይደለም። ኤርነስት ፕራይስ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በኢትዮጵያ ሲመራመሩ፥ የበሽተኞችን የብሽሽት ዕጢ በማጉያ መሣሪያ ቢመለከቱ ከአፈር የመጡ እጅግ የደቀቁ የሲሊካና የአሉሚኒየም ቅንጣቶችን አገኙ። በሽታውንም «ፖዶኮኒዮሲስ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ ከግሪክ ተወስዶ እግርንና አቧራን ያመለክታል። ድንጋይ ጠራቢዎችና ማዕድን ቈፋሪዎች ወደ ሳንባቸው በሚገባው አቧራ እንደሚታመሙ ከጥንት የታወቀ ነው። የገበሬውም ሕመም የዚያ ወንድም ነው ለማለት እንደፍራለን፤ ልዩነቱ አቧራው በአፍንጫ ሳይሆን በውስጥ እግር መግባቱ ነው።

ይህን የሚያደርገው ከፍ ባለና ዝናም በማያጣው አገር የሚገኝ፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ነው። በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቈዳ ገብተው፥ የሰውነትን ውሃማ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቈስላሉ፤ ፈሳሹም በእግር ይጠራቀማል። ከአንድ ቤት አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይድናል ለሚለው ጥያቄ፥ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋራ በ2012 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባወጡት ጥናት፥ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ውርስ እንዳለ አሳይተዋል። እንግዲህ «በዘር ነው» የሚለው ንግግር እኩሌታው እውነት ነው፤ እኩሌታው ግን አፈሩ ነው፥ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ሰውም ከበሽታው ይድናል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በወጣትነት ስለሚጀምር መምህራን ከሐኪም በፊት ሊያዩት ይችላሉ። የእግር ማሳከክና ማቃጠል፥ ማታ አብጦ ጧት የሚጎድል እግር፥ በጣቶች ሥር የሚሻክር ቈዳ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ከተያዘ እብጠቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ገበሬው ጫማ ቢኖረው እንኳ ለገበያና ለጸሎት ስፍራ ያኖረዋል፤ በክረምት ሞፈር ጨብጦ ሲወርድ ያወልቀዋል። ጭቃው ጫማውን ይውጥበታልና አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ እግሩ ከአፈሩ ጋራ ከሁሉ ይልቅ የሚገናኘው በዚያች ሰዓት ነው። በረባሶም ክፍት ስለ ሆነ አፈሩን በሚገባ አይከለክልም፤ የሚሻለው እግርን የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋራ ነው።

ከዓባይ ማዶ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2018 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የታተመ ጥናት፥ እግርን የመንከባከብ ልማድ በሽተኛውን ትኩሳት አስይዞ የሚጥለውን ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በሽተኛው እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ጤና ጣቢያው ባዘዘው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውሃ ይዘፈዝፋል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያም ንጹሕ ካልሲና ጫማ ያደርጋል፤ ሌሊትም እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛል።