ጎረቤቷን ማን ይጫወታል? የተማሪዎች ድራማና የሕፃናት ጥበቃ

የተማሪ ድራማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ወይም በወላጆች ቀን የሚቀርበውን የአሥራ አምስት ደቂቃ ትዕይንት ነው። ክፉ ሰው ይገባል፤ ያጠፋል፤ ፖሊስ ይይዘዋል፤ በመጨረሻም አንድ ተማሪ ወደ ፊት ወጥቶ ምክሩን ይናገራል። ይህን ዓይነቱን ድርሰት ለመናቅ አልቸኩልም። ዮፍታሔ ንጉሤም ከጣሊያን ወረራ በፊት መምህር ሳሉ ተማሪዎቻቸውን ለመድረክ ያሠለጥኑ ነበርና፣ የአማርኛ ተውኔት ለትምህርት ቤት ባለ ዕዳ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሕፃናት ጥበቃ ሲሆን ይህ ቅርጽ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ጥፋቱን ሁሉ ለክፉው ሰው ይሰጥና አውቆ ዝም ያለውን ከመድረክ ውጭ ያስቀራል።

ይህን ያስተዋልሁት አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ የድራማ ክበብ ሲለማመድ ተገኝቼ ነው። ሠፈሩ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኑ፣ «ላስተምርሽ» ተብላ ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት ሠራተኛ ሆና የምትቀር ልጅ ለተማሪዎቹ እንግዳ አልነበረችም። የጻፉትም ስለ እርሷ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ የቤቱ ጌታ ይጮሃል፣ ይማታል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። «ግድግዳው የጋራ ከሆነ ጎረቤት አይሰማም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ልጅ ሳያመነታ፣ «ይሰማል እንጂ፤ ግን የሰው ገበና ነው» አለኝ።

ተውኔቱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ለማለት እደፍራለሁ። በሁለተኛው ረቂቅ ዱላው ከተመልካች ዓይን ተሰወረ፤ እትዬ የሚሏቸው ጎረቤት ቡና እያፈሉ ጩኸቱን ይሰማሉ፤ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋሉ። ግጭቱ ከበዳይና ከተበዳይ መካከል ወጥቶ በአንድ ደግ ሰው ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ የመጣው የቋንቋ ችግር ነው። ተማሪዎቹ በልጅቷ አፍ አንቀጽ 36ን ሊያስነብቡ ፈልገው ነበር። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በዚሁ አንቀጽ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። ሆኖም የተጎዳ ልጅ በአንቀጽ አይናገርም። ቋንቋችንም አያግዘውም፤ «ደፈረ» የሚለው ግሥ ጀግንነትንም ጥቃትንም ይሸከማል። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ድፍረት» ፊልም ርእሱን የወሰደው ከዚህ መንታ ፍቺ ነው። ፊልሙ በተነሣበት የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠለፋ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ ይህን በር የዘጋው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ተማሪዎቹ ለልጅቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀሩላት፦ «እትዬ፣ ዛሬ እዚህ ልደር?»

ትዕይንቱ እዚህ ላይ ይቆምና ተመልካች ይጋበዛል። ስልቱ ብራዚላዊው የቴያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፉት ነው፤ ከተመልካቾች አንዱ ተነሥቶ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይይዝና ታሪኩን በሌላ መንገድ ይሞክረዋል። በአሠራሩ ላይ ግን አንድ ጥብቅ ገደብ እጨምራለሁ። በልጅቷ ቦታ ማንም አይግባ። «እኔ ብሆን እጮህ ነበር» የሚል ተማሪ ሳያውቀው ጥፋቱን ወደ ልጅቷ ያዞራል። የሚተካው የእትዬ ቦታ ብቻ ነው። በልምምዱ ላይ አምስት ተማሪዎች ሞክረውታል፤ ሦስቱ አልጋ አነጠፉላት፣ ግን ነገ ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም።

የራሴንም ስሕተት ልናገር። ልምምዱ አብቅቶ ሁሉም ሲወጣ፣ አንዲት ልጅ ወንበሮቹን ደጋግማ እያስተካከለች ቀረች። የምትለው ነገር እንዳላት ገብቶኝ ነበር፤ ማን ዘንድ እንደምወስዳት ግን አስቀድሜ አላሰናዳሁም። እስክጠይቅ ድረስ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት የምጠይቀው፣ መድረኩ ባዶ ሲሆን የሚቆየው ሰው ማን እንደሆነ ነው፤ መልስ እስኪገኝ ልምምድ አይጀመርም።