ከመሠረት ቁፋሮ በፊት የሚጠና መሬት

በጥንታዊ ከተሞች ግንባታ ከቅርስ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰብ ነው። በአክሱም ሐውልቶቹ ቆመው ይታያሉ፤ መቃብሮቹ ግን ከሥር ናቸው። ነዋሪው የሚያርሰውም ቤት የሚሠራውም በዚያው ላይ ነው። የንጉሥ ኢዛናን ዜና በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል የያዘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ያገኙት አርሶ አደሮች ናቸው።

በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ150 ቶን የማያንስ በመሆኑ የሚተከልበት መሬት አስቀድሞ መጠናት ነበረበት። ባለሙያዎች የራዳር ሞገድና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየላኩ፣ ሳይቆፍሩ የውስጡን ምስል አነሡ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተሠራው የመኪና ማቆሚያ ሥር ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። መካነ መቃብሩም ከታወቀው የቅርስ ክልል አልፎ የሚዘልቅ ሆኖ ተገኘ። ሐውልቱ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። ማቆሚያው ሲሠራ እንዲህ ያለ ጥናት ቢቀድም ኖሮ ሌላ ቦታ ይፈለግለት ነበር።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዛል። ለሚያስረክብም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። በተከለለ የቅርስ ቦታ ደግሞ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በፈቃድ የሚሠራም ቅርስ ካገኘ ሥራውን አቁሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

ችግሩ ያለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ማሽን በሰዓት ለተከራየ ኮንትራክተር ሥራ ማቆም ኪሳራ ነው። የሚታየውም ወርቅ ሳይሆን የገል ስባሪ፣ የአመድ ንብርብር ወይም የተጠረበ ድንጋይ ስለሆነ በአንድ አካፋ ተዝቆ ከአፈሩ ጋር ይጫናል። ገሉ ቢለቀም እንኳ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልተመዘገበ ዘመኑን ማወቅ ያዳግታል። ሥራ ሲጀመር ባለሙያ በቦታው መገኘት ያለበትም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ጥናቱ ከዲዛይኑ መቅደሙ ነው። መስመር ገና በወረቀት ላይ ሳለ መንገዱን ማጠፍ፣ የሕንፃውን መሠረት ጥቂት ሜትር ማሸሽ ወይም ምድር ቤቱን ማስቀረት ይቻላል። ይህ ካልሆነ የሚቀረው የማዳን ቁፋሮ ነው፤ ቦታው በወጉ ተቆፍሮ፣ ተለክቶና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለግንባታው ይለቀቃል።