ያለ ኢንተርኔት በስልክ ካርታ መጓዝ፦ ከአሰላ ወደ ገጠር ለሚዘልቁ



ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል አሰላ ለመድረስ የሚቸገር ሰው የለም። ርቀቱ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱም አስፋልት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከአሰላ፣ ከሳጉሬ ወይም ከበቆጂ አስፋልቱን ትቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች መታጠፍ ሲመጣ ነው። በዚያ ቤቱ ቁጥር፣ መንገዱም ስም የለውም፤ የስልኩ ኔትዎርክም ከኮረብታው ማዶ ይጠፋል። አንድን የቲም ለመዘየር የወጣ ቤተሰብ ቤቱን ሳያገኝ ሊመለስ፣ ይመጣሉ የተባለው ሕፃንም ቀኑን ሙሉ ደጅ ደጁን ሲያይ ሊውል ይችላል። ይህን ችግር ለማቃለል በእጃችን ያለው ስልክ ይበቃል፤ ዝግጅቱ ግን ከከተማ ሳይወጡ የሚጠናቀቅ መሆን አለበት።

ስልኩ ያለበትን ቦታ እንዴት ያውቃል?

ብዙዎቻችን ስልክ ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው በኢንተርኔት ብቻ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጂፒኤስ የሚባሉት ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን እየዞሩ፣ ያሉበትን ቦታና ሰዓቱን ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ስልካችን እንደ ራዲዮ ይህንን ያዳምጣል እንጂ ምንም አይልክም። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሰማውን በማነጻጸር የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህም ሲም ካርድ ወይም ክፍያ አያስፈልገውም። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም። የክረምት ደመናና የጭላሎ ጉም አያግዱትም፤ ጣሪያ፣ ጠባብ ሸለቆና ጥቅጥቅ ያለ ደን ግን ያዳክሙታል።

እንግዲህ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለቦታው ሳይሆን ለካርታው ሥዕል ነው። ካርታው አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ጉዞው አይቋረጥም።

ከመነሣት በፊት

በጉግል ማፕስ የመገለጫ ሥዕላችሁን ነክታችሁ «ኦፍላይን ማፕስ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያም የምትሄዱበትን አካባቢ በሳጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ ታወርዳላችሁ። ዋይፋይ ባለበት ቢደረግ ወጪን ይቀንሳል። የወረደው ካርታ ካልታደሰ ጊዜው ስለሚያልፍበት በየጉዞው ዋዜማ መፈተሽ ይገባል። ይህ ካርታ ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ እንጂ የእግር መንገድ አይመራም። በእግር ለሚሄዱ በ2021 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦርጋኒክ ማፕስ ይሻላል፤ እርሱ በ2004 እ.ኤ.አ. በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተመሠረተ ነው።

ካወረዳችሁ በኋላ ዳታውን ዘግታችሁ ሞክሩት። ያለ ኢንተርኔት ስልኩ ሳተላይቶቹን ለማግኘት ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድበት ስለሚችል ገላጣ ቦታ ቆሞ መታገሥ ያስፈልጋል።

በስም ብቻ አትመኑ

ሮቤ የሚባል ከተማ በአርሲም በባሌም አለ። ዴራም በአርሲ ብቻ ሳይሆን በአማራ ክልልም የሚገኝ ስም ነው። ስሙን ብቻ ጽፎ የተነሣ ሰው ወደ ሌላ ዞን ሊመራ ይችላል። ደግሞም በላቲን ፊደል አሰላ አንዳንዴ በአንድ «ኤል»፣ አንዳንዴ በሁለት ይጻፋል፤ ስለዚህ ፍለጋችሁ ካልተሳካ አጻጻፉን ለውጡ።

ከስም ይልቅ የሚታመነው ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አሰላ 7.95 እና 39.13 አካባቢ ናት። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ሲኖር ቁጥሩ የሚለየው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቦታ ነው፤ አራት አሃዝ ሲኖር ግን 11 ሜትር ያህል ወደሆነ ስፍራ ይጠባል። አንድን ቤት ለማግኘት አራቱም አሃዞች ያስፈልጋሉ። መጀመሪያ ቤቱን ያገኘ ሰው በደጃፉ ቆሞ ጣቱን በካርታው ላይ ጥቂት ቢያቆይ ቁጥሮቹ ይወጣሉ። ወረቀት ላይ ሊጻፉ ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊላኩም ይችላሉ።

ቂብላ አቅጣጫን ሲያሳይ

መካና አሰላ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በአሰላ አካባቢ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውም በጣም ጥቂት ነው። የካርታ ራስጌም ሰሜን ነው። የስልኩ ኮምፓስ ቢዛባባችሁ የመስጊዱን ሚሕራብ ተመልከቱ። አሰላ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ቂብላ ብታዞሩ አዳማ ከፊታችሁ፣ በቆጂ ከኋላችሁ፣ የጭላሎ ተራራ በቀኛችሁ፣ የዝዋይ ሐይቅ በግራችሁ ይሆናሉ። ይህን የያዘ ሰው ባትሪው ቢያልቅበት እንኳን አይደናገርም።

ያገሬውን ሰው መጠየቅ

ካርታ የትናንቱን መንገድ ያሳያል እንጂ የዛሬውን ጭቃና የሞላውን ወንዝ አያውቅም። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም በሰላምታ ጀምሮ የአካባቢውን ሽማግሌ መጠየቅ ግድ ነው።

በመጨረሻም የየቲም ቤት የሚገኝበት ቁጥር አደራ ነው። ከእናቱ ወይም ከአሳዳጊው ፈቃድ ውጭ መመዝገብ፣ ለዝያራ ለማይሄድ ሰው መስጠት፣ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም ማሰራጨት አይገባም። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍም የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሕፃኑን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት በካሜራው ላይ የቦታ ምዝገባውን ዝጉ። ቤቱን እናገኝ ዘንድ የረዳን ቁጥር ክፉ ለሚያስብ ሰው መንገድ እንዳይሆን መጠበቅ የሁላችንም ኀላፊነት ነው።