ባሕሩ ሳይደርስ የቤት ዋጋ የሰጠመባት መንደር

በብሪታንያ ዌልስ ውስጥ የምትገኘው ፌርቦርን የተባለች የባሕር ዳር መንደር ቤቶቿ እንደቆሙ ናቸው። ባቡሩም እንደ ወትሮው ይደርሳል። በቤት ገበያው ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ፌርቦርን እንደ ጎረቤቶቿ አልታየችም። ለዚህ ምክንያት የሆነው የግዊኔዝ አካባቢ ምክር ቤት በ2013 የተቀበለው የባሕር ጠረፍ አያያዝ ዕቅድ ነው። በዕቅዱ መሠረት መንደሯን ከባሕር መከላከል በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያበቃል። ኋላም 2054 የሚል ዓመት ተቆርጦ ወጣ፤ ነዋሪዎቹም እስከዚያ ድረስ ይነሣሉ ተባለ።

ፌርቦርንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቆረቆረው በዱቄት ንግድ የከበረው አርተር ማክዱጋል ነው። መዝናኛ ትሆናለች ብሎ በረግረግ ላይ ሠራት። ዛሬ ጎብኚዎችን የምታመላልሰው ትንሿ ባቡር መጀመሪያ በፈረስ እየተጎተተች የግንባታ ዕቃ የምታጓጉዝ ነበረች።

በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ይበረታል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነትም አራት ሜትር ያህል ይደርሳል። አብዛኛው የመንደሯ መሬት ከዚህ ሙላት ዝቅ ያለ ነው። በፊት ለፊት የሚጠብቃት የጠጠር ክምርና ግንብ ሲሆን፣ በጎን በኩል ደግሞ የማውዛክ ወንዝ አፍ አለ። ከተራራው የሚወርደው ዝናብ በቦይ ተጉዞ የሚወጣው ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የባሕሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃው የሚወጣበት ጊዜ ያጥራል። የዓለም ባሕር ከ1900 ወዲህ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል።

ይሁን እንጂ ገበያውን የመታው ውኃው ሳይሆን ቀነ ገደቡ ነው። ወሬው በ2014 በቴሌቪዥን ከተሰማ በኋላ የቤት ዋጋ ወረደ፤ ባንኮችም በመንደሯ ቤት መያዣነት ማበደርን ሸሹ። የባንኮቹ ስሌት ግልጽ ነው። በ2024 ለ30 ዓመት የተሰጠ ብድር የሚያልቀው በዚያው በ2054 ሲሆን፣ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ባንኩ ለሐራጅ የሚያቀርበው ቤት ገዢ አያገኝም። በመሆኑም ሻጩ የሚጠብቀው ሙሉ ዋጋውን ባንድ ጊዜ የሚከፍል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ፈጽሞ አልጠፋም። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ጡረተኛ 2054ን የሚፈራበት ብዙ ምክንያት የለውም፤ በርካሽ ባሕር የሚያይ ቤት ያገኛል። የሚጎዳው ልጅ የሚያሳድገው ወጣት ነው፤ ካልተበደረ አይገዛም፣ ከገዛም ለልጁ የሚያወርሰው ያጣል።

የመድኑ ጉዳይ ለጊዜው መላ አግኝቷል። በ2016 ሥራ የጀመረው ፍለድ ሪ የተባለው የጠለፋ መድን ተቋም የጎርፍ አደጋውን ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ስለሚረከብ፣ ከ2009 በፊት የተሠሩ ቤቶች በተመጣጣኝ ዓረቦን ሽፋን ያገኛሉ። ተቋሙ የሚዘጋው ግን በ2039 ነው። ከዚያ እስከ 2054 ያሉት 15 ዓመታት የማን እንደሆኑ የተጻፈ ነገር የለም።

ነዋሪዎቹ ዕቅዱን አጥብቀው ይቃወማሉ። በብሪታንያ ዝቅ ብለው የሠፈሩ የባሕር ዳር መንደሮች ብዙ ሆነው ሳለ ቀን የተቆረጠባት የእነሱ መንደር መሆኗ ያንገበግባቸዋል። ደግሞም ዕቅዱ በወጣበት ሰሞን መንግሥት የወንዙን ዳር ለማጠናከር ከስድስት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አፍስሷል። በአንድ እጅ ግንብ እየተሠራ በሌላው እጅ የመልቀቂያ ቀን መጻፉ ገዢን ቢያደናግር አይፈረድበትም። በምክር ቤቱ በኩል የሚቀርበው መልስ ግንቡን ያለማቋረጥ ከፍ ማድረግ ወጪው እንደማይቻል፣ ከፍ ያለ ግንብ አንድ ቀን ቢደረመስም ከበስተኋላው ለተቀመጠው ሰው ሕይወት አስጊ እንደሆነ ነው። አስቀድሞ መናገሩ ከድንገተኛ ጥፋት ይሻላል የሚለው ክርክርም ውኃ የሚያነሣ አይደለም። የጎደለው የካሣው ነገር ነው። በብሪታንያ ሕግ ባሕር ለወሰደው ቤት መንግሥት ካሣ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

የቤት ግብሩ ግን አልቀረም። በዌልስ የግብሩ እርከን የተወሰነው ቤቱ ሚያዝያ 2003 ላይ በነበረው ዋጋ፣ ማለትም ዕቅዱ ከመውጣቱ አሥር ዓመት በፊት በነበረው ገበያ ነው።