የተቆራረጠ መሬትና የከተማ ነፍሳት

ከተማ ሲሰፋ መሬቱን የሚወስደው በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ሳይሆን እየቆራረጠ ነው። መጀመሪያ መንገድ ይወጣል፥ ቀጥሎ የግንብ አጥር ይቆማል፥ ከዚያም አስፋልቱና ሲሚንቶው የቀረውን ይሸፍነዋል። በመካከሉ የሚተርፈው የወንዝ ዳር፥ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ለሰው ዓይን አረንጓዴ መስሎ ቢታይም፥ በውስጡ ለሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ግን በባሕር እንደ ተከበበ ደሴት ነው።

ክንፍ የሌለው የምድር ጥንዚዛ ሰፊ መንገድ ለማቋረጥ እምብዛም አይሞክርም። ሸረሪት ግን (ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት ወገን አለመሆኗን መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያስታውሱልን) ገና ትንሽ ሳለች ድሯን ለነፋስ ለቅቃ በአየር ትጓዛለች። ስለዚህ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ይሁን እንጂ ቁራጩ ባነሰ መጠን ጠርዙ ይበዛል፤ ጠርዙም በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፥ ባዕድ ፍጥረትም የሚገባው በዚያው በኩል ነው።

ለዚህ በሚገባ የተመረመረ ምሳሌ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በሳን ዲዬጎ ከተማ ይገኛል። በዚያ ቤት እየተሠራ ሲሄድ ቁጥቋጦ የለበሱት ሸለቆዎች እርስ በርሳቸው ተነጣጠሉ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የአርጀንቲና ጉንዳን፥ እርጥበት ወዳድ ነውና፥ ውሃ ከሚጠጡት የአትክልት ቦታዎች ተነሥቶ በጠርዙ ገባ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1998 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ቁራጩ ባነሰና ከተነጠለ ብዙ ዘመን ባለፈ መጠን የአገሬው ጉንዳን ዓይነት እየጎደለ ሄዷል። እነዚያን ጉንዳኖች ይመገብ የነበረው ባለ ቀንድ እንሽላሊትም ምግቡን አጣ።

ይህ ጤናን ምን ይመለከተዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ከደጃፋችን በርሜል ጋር የተያያዘ ነው። በተፈጥሮ ኩሬ ውስጥ የትንኝን እጭ የሚበሉ የውሃ ጥንዚዛዎችና ትንንሽ ዓሣዎች አሉ። በርሜል ግን ከሁሉ የተነጠለ፥ አዳኝ የማይደርስበት የመጨረሻው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ትንኝ ግን ክንፍ አላትና ሳትቸገር ትደርስበታለች። ከእስያ የመጣችው፥ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በዚህ ተጠቅማለች። በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወራት በተነሣው የወባ ወረርሽኝም ዋነኛዋ አስተላላፊ እርሷ መሆኗ ታውቋል። ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው፥ የሚመጣውም ክረምቱ ሲያበቃ ነው እያልን ለኖርነው ይህ ከባድ ዜና ነው። ውሃ ሲጠፋ በየቤቱ በርሜል ይበዛልና፥ ይህች ትንኝ ድርቁን አትፈራውም።

እንግዲህ የበርሜሉና የውሃ ጉድጓዱ ክዳን ግጥም ያለ ይሁን። እጩ በሙቀት አገር ትንኝ ለመሆን የሚፈጅበት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነውና፥ ዕቃውን በየሳምንቱ ባዶ አድርጎ ውስጡን ፈግፍጎ ማጠብ ይገባል። በግቢው ጥግ ያለችውን ሸረሪት ሁሉ በመድኃኒት መፍጀት ግን ትርፉ ዝንብ የምትይዝልንን ማጣት ነው። ሸረሪት ወባን ትከላከላለች ማለታችን አይደለም።

መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከግቢው በርሜል በነጭ ሳሕን ጥቂት ውሃ ቢቀዱ መልካም ነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ፊት ጋር ትክክል ተጋድሞ ይታያል፤ የሌላው ትንኝ እጭ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።