ሞርጌጅ፦ የሞተው መያዣ

እኔ መሐንዲስ እንጂ የሕግም የቋንቋም ሊቅ አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ ቤት በገዛን በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴ «ከዕዳው ስንት ቀረን?» ብላ ብትጠይቀኝ ግን ወረቀቱን አውጥቼ አሰላሁ። የተበደርነው 300,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ፣ ለ30 ዓመት ነው። በሦስት ዓመት ወደ 65 ሺህ ዶላር ከፍለናል፤ ዕዳው የቀነሰው ግን 12 ሺህ እንኳ አይሞላም! ያን ጊዜ ነው «ለመሆኑ ይህ ሞርጌጅ የሚሉት ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?» ያልኩት።

ቃሉ የመጣው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። «ሞር» የሞተ፣ «ጋዥ» መያዣ፤ ሲጋጠም «የሞተ መያዣ» ማለት ነው። እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ኤድዋርድ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ተበዳሪው ካልከፈለ መሬቱ ለእሱ ይሞታል፤ ከከፈለ ደግሞ መያዣው ለአበዳሪው ይሞታል ይላል።

በ1180ዎቹ መጨረሻ ግድም የተጻፈውና በግላንቪል ስም የሚታወቀው የእንግሊዝ ሕግ መጽሐፍ ግን ሌላ ፍቺ ይሰጠዋል። አበዳሪው የመሬቱን ምርት እየበላ ዕዳው የማይቀንስ ከሆነ፣ ያ የሞተ መያዣ ነው።

ይህማ የኛው ወለድ አገድ አይደለም እንዴ? ገበሬው ተበድሮ መሬቱን ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፋንታ ምርቱን ይበላል፤ ዋናው ዕዳ ግን ንቅንቅ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቃሉን በዚሁ ስሙ ይዞታል።

የዛሬው ሞርጌጅ በእርግጥ እንደዚያ አይደለም፤ ዕዳው ይቀንሳል። አጀማመሩ ግን ይመሳሰላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያችን ከ1,799 ዶላር 1,500ው ወለድ ነበር፤ ዋናውን ዕዳ የነካው 299 ብቻ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ባንኮች «አሞርታይዜሽን» የሚሉትም ከዚያው «ሞት» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ዕዳን ቀስ በቀስ መግደል እንደማለት። አገዳደሉን ማፍጠን ደግሞ ይቻላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በየወሩ 200 ዶላር ለዋናው ዕዳ ብንጨምር ኖሮ፣ 30ው ዓመት ከስድስት ዓመት በላይ ያጥር ነበር። ለመጨመር ያሰበ ሰው ታዲያ ውሉ ቀድሞ በመክፈል ቅጣት እንደማይጥል ያረጋግጥ፤ ጭማሪውም ለዋናው ዕዳ መዋሉን ለባንኩ በግልጽ ያሳውቅ።

እኛ ዘግይተን ጀምረናል። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያውን ሠንጠረዥ አስወጥታችሁ እዩት።